እማዬ የያዘችልን ወረፋ

ዛሬ ሐዋሳ እናቴ ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ አራት ትንንሽ ድንጋዮች በሰልፍ ተደርድረው አገኘሁ።

«በቃ፣ እማዬ መርሳት ጀመራት» ብዬ ደንግጬ ለእህቴ ደወልኩ።

«ደህና ናት ባክህ! ትናንት በስልክ ድምጿ እንዴት ጥርት ይል ነበር» አለችኝ። እኛ ቤት ምርመራ በስልክ ነው።

ለወጣቶች ላስረዳ፦ በደርግ ጊዜ ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ስንሰለፍ፣ ቤት ደርሶ መምጣት የፈለገ ሰው ቦታው ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል። ድንጋዩም እንደ ባለቤቱ ይከበራል። እማዬ የዚያ ሰልፍ ንግሥት ነበረች፤ ስኳሩን ተሸክማ ስትመለስ የሚቀድማት አልነበረም።

«እማዬ፣ ዛሬም ስኳር እየጠበቅሽ ነው?» አልኳት።

«የምን ስኳር?» አለች፣ ግድግዳውን ተደግፋ እየወጣች። «አራታችሁም ልጆቼ መጣሁ መጣሁ እያላችሁ ስትቀሩ ወረፋ ያዝኩላችሁ። ይሄኛው ያንተ ነው።»

ግቢው ውስጥ ቧንቧ ስር አንድ ጀሪካን ሞልቶ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ጆግ አለ። ለካ ጀሪካኑን ማንሳት አቅቷት ውሃ የምታመላልሰው በጆግ ነው።

ለእህቴ መልሼ ደወልኩ። «አእምሮዋ ከሁላችንም ይሻላል፤ ያለቀው ጉልበቷ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ያስፈልጋታል።»

«ታዲያ አንተ አለህ አይደል?» ብላ ዘጋችው። እሷም ድንጋይዋን አስቀመጠች ማለት ነው።

እማዬ ሁሉንም ሰምታለች። «በደርግ ጊዜ ግን» አለች፣ «ድንጋይ ያስቀመጠ ሰው ተመልሶ ይመጣ ነበር።»

እናንተስ፣ በእናታችሁ በር ላይ ያስቀመጣችሁት ድንጋይ ስንት ዓመቱ ነው?