የሰንበት ሽቦ ጠባቂው አያቴ

አያቴ ኦቫድያ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ኮረብታው ላይ ያለውን ሰፈራችንን የከበበውን ሽቦ እየዞሩ ያያሉ። በሰንበት ከቤት ውጭ ዕቃ መያዝ፣ ሕፃንም ማቀፍ ክልክል ነው፤ ሽቦው ካልተበጠሰ ግን ሰፈሩ በሙሉ እንደ አንድ ቤት ይቆጠራል፤ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ምኩራብ ይሄዳሉ። አንድ ቀን ሽቦዋን «እንዴት ሰነበትሽ?» ሲሏት ሰምቼ ብስቅ፣ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

ልጄ የተወለደው ቅዳሜ ስለነበር፣ ግርዘቱም በሳምንቱ ቅዳሜ በምኩራብ ሊሆን ነበር። አያቴ ራሳቸው ታቅፈው ሊወስዱት ሽር ጉድ ሲሉ ሰነበቱ።

በዋዜማው፣ ሰፈሮቻችንን የሚያቋቁመው ማኅበር መኪና አጠገባችን ሰፈር ለሚቆረቆርበት አዲስ ኮረብታ ተገጣጣሚ ቤት ጭኖ ሲያልፍ ሽቦው የታሰረበትን ምሰሶ ገጨና ሽቦውን በጠሰው። ከመምሸቱ በፊት ሌላ ምሰሶ ሊቆም የሚችለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከሰፈራችን አጥር ማዶ፣ የአረቡ ጎረቤታችን የአቡ ፋይቅ የወይራ ማሳ ጥግ።

«እንትከለው አባባ፣ ማን ያያል?» አለ የማኅበሩ ተጠሪ ዶቪ፣ የብረት ምሰሶ ተሸክሞ።

«ዶቪዬ፣ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የቆመ ምሰሶ ለሰንበት አይሆንም። እንጠይቀው።»

«ማኅበሩ መቼ ጠይቆ ያውቃል?» ዶቪ ሳቀ። አያቴ አልሳቁም።

እኔ ሕፃኑን ታቅፌ አጥሩ ሥር ቆምኩ። አቡ ፋይቅ ወይራ ከሚለቅምበት መሰላል ወረደ።

«ኦቫድያ! አሁንም አልሞትክም?»

«አንተን ሳልቀብር?»

ነገሩን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«ለአንዲት ምሰሶ ፈቃድ ትጠይቀኛለህ። ቤት የምትተክሉበትን ያን ኮረብታ ሲወስዱት ማን ጠየቀኝ? የአባቴ ነው እኮ!»

ከዚያ ወደታቀፍኩት ሕፃን ዞረ።

«ልጁን ፈጣሪ ያሳድግላችሁ። ምሰሶውን ግን አልፈቅድም።»

ዶቪ ብረቱን ሊተክል ሲንደረደር አያቴ ክንዱን ያዙት። «ሰውየው እምቢ ብሏል፤ አልሰማህም?»

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ስለነበር አያቴ በየበሩ እየዞሩ ሽቦው መበጠሱን ተናገሩ። ልጄ በማግስቱ እኛው ቤት፣ በአያቴ ጭን ላይ ተገረዘ። ወንዶቹ ኩሽና ድረስ ተጣብበው ዘመሩ፤ ጓደኞቼ ግን ሕፃኖቻቸውን ይዘው ከቤታቸው ሳይወጡ ቀሩ። አለቀስኩ። አያቴም ባርኔጣቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ።

በተከታዩ ሳምንት አያቴ የአቡ ፋይቅን ማሳ እንዳይነካ ሽቦውን ወደ ውስጥ አጥብበው ዘረጉት። አዲሱ ኮረብታ ውጭ ቀረ።

አሁን የዚያ ኮረብታ ወጣት ባልና ሚስቶች ይመጣሉ። «አባባ፣ በሰንበት ልጃችንን ይዘን መውጣት አቃተን፤ ለእኛ መቼ ነው የሚዘረጉልን?»

አያቴ ሻይ ይቀዱላቸዋል። ከዚያ በመስኮት የአቡ ፋይቅን ቤት ያሳዩአቸዋል።

«ባለቤቱ እዚያ ነው። ሂዱና ጠይቁት፤ ከፈቀደ ዛሬውኑ እዘረጋለሁ።»

ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። እስካሁን የጠየቀው የለም።