ሁለት ሰማይ በአንድ ጣሪያ

ቀለሜ የሚሏት በትምህርት ጉብዝናዋ አይደለም። በትምህርቱስ መሃል ሰፋሪ ነበረች። ስሙ የወጣላት ከጥፍሯ ሥር ቀለም ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው፤ ዛሬ ሰማያዊ፣ ነገ ቀይ። ድንገት አንድ ቀን እጇ ንጹሕ የሆነ እንደሆነ እናቷ፣ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» ይሏታል።

ሥራዋ ታፔላ መጻፍ ነው። የፀጉር ቤቱ፣ የጫማ ሰፊው፣ የጥርስ ሐኪሙ ስም በየበሩ አናት ላይ በእሷ እጅ ተጽፎ ነበር። ፊደሎቿ ወገባቸው ቀጭን፣ እግራቸው ጠንካራ፣ ከሩቅ የሚጠሩ ነበሩ። ኋላ የባነር ማተሚያ ማሽን መጣና ደንበኞቿን አንድ በአንድ ወሰደባት። «ቀለሜ፣ እጅሽን እንወደዋለን፤ ግን እነሱ ሻይ ጠጥተን ሳንጨርስ አትመው ይሰጡናል» አሏት። ምን ትበል? ብሩሾቿን አጥባ በቆርቆሮ ውስጥ አቆመቻቸው። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነውና በእሱ አማላጅነት የአውቶቡሶችን የጎን ቁጥር መቀባት ያዘች። ቁጥር ደግሞ እንደ ፊደል አያጫውትም።

እሷና ባሏ የተጋቡት በኮከብ ቆጣሪዎች ሙግት መሃል ነው። በከተማው ሁለት የታወቁ ኮከብ ቆጣሪዎች አሉ። አንደኛው በሳምንታዊው ጋዜጣ ላይ የሚጽፉ ሽማግሌ ሲሆኑ ጽሑፋቸውን ሁልጊዜ «ወቅቱ...» ብለው ስለሚጀምሩ ጋሼ ወቅት ይባላሉ። ሁለተኛዋ ሙያውን ከአባታቸው የወረሱ፣ ቀጥ ብለው የሚሄዱ ሴት ናቸው፤ እትዬ ኮከብ ይሏቸዋል። የዛሬ ሃያ ዓመት የሙሽራው እናት እትዬ ኮከብ ዘንድ ሄደው «የልጆቹ ኮከብ አይገጥምም» ተብለው አዝነው ተመለሱ። የሙሽሪት እናት ደግሞ ጋሼ ወቅት ዘንድ ሄደው «እንደ ድስትና ግጣሙ ናቸው» ተብለው እየሳቁ መጡ። ልጆቹ ማንንም ሳይጠብቁ ተጋቡ። ባሏ እስከ ዛሬ ማን ልክ እንደነበረ ሲጠየቅ፣ «ሁለቱም ልክ ናቸው። ሰኞ ሰኞ አንገጥምም፤ በሌላው ቀን እንገጥማለን» ይላል።

እሷን ግን ነገሩ ከንክኗት ቀርቷል። የልደት ቀኑ ያው፣ ሰማዩ ያው፤ ታዲያ ሁለት አዋቂ ሰዎች እንዴት ሁለት ነገር ይናገራሉ?

የአውቶቡስ ጣቢያው አዳራሽ ጣሪያ እንደ ተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ክብ ነው። ድሮ አሥራ ሁለቱ የሰማይ ምልክቶች ተሥለውበት ነበር ይባላል፤ ዝናብ ሲያንጠባጥብበት ኖሮ ከበጉ ቀንድና ከዓሣው ጅራት በቀር ሁሉም ረግፏል። ጣቢያው ሲታደስ ኃላፊው ማተሚያ ቤት ሄደው ባለ ኮከብ ፕላስቲክ አሳትመው አስለጠፉበት። ክብ ጣሪያ ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር አይቀበልም። ፕላስቲኩ በየቦታው ተነፋ፤ አንድ ቀን የቀትር ፀሐይ ሲበረታበት ከነኮከቡ ወርዶ የተሰለፈውን ሰው ሁሉ አለበሰው። የተጎዳ የለም፤ ሳቁ ግን ለሳምንት ተረፈ። ኃላፊው ያን ጊዜ ነው ቀለሜን ያስጠሩት።

«ትችይዋለሽ?» አሏት።

ቀና ብላ አየች። ጣሪያው ሰፊ ነው፤ ሕይወቷን ሙሉ የጻፈችው ታፔላ ሁሉ ቢደረደር አይሞላውም። ሆኖም፣ «እችለዋለሁ» አለች።

«በይ እንግዲያው ከኮከብ ቆጣሪ አንዱን ጠይቂና ጀምሪ። ብቻ ቆንጆ ይሁን።»

የብረት መወጣጫ ተተከለላት። የተላጠውን ፋቀች፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነች፣ ከጋሼ ወቅት የምልክቶቹን ተራ ተቀብላ ከምሥራቁ በር በላይ በጉን፣ ሐመልን፣ ሣለች። በጉ አማረ። ሕዝቡም ትኬቱን እንደያዘ ቆሞ ያይላት ጀመር። ቀጥላ ወይፈኑን ልትጀምር ስትል ከታች የሴት ድምፅ ተሰማ።

«ማነው ይህን በግ እዚህ ያሰረው?»

እትዬ ኮከብ ናቸው። እህታቸውን ሊጠይቁ መንገድ ሊሄዱ መጥተው ቀና ቢሉ በጉን አዩት። ቀለሜ ከነብሩሿ ወረደች።

«እትዬ፣ ምን ጎደለው?»

«በጉማ ምን ይጎድለዋል፤ ጠጉሩ ያማልላል። ቦታው ነው እንጂ። ቀንና ሌሊት እኩል ሆነው ፀሐይ ልክ በዚህ በምሥራቁ በር አቅጣጫ በምትወጣበት ዕለት በጉ ጋ አልደረሰችም፤ ገና ዓሣው ጋ ናት።»

ወሬ ክንፍ አለው። በማግሥቱ ጋሼ ወቅት ከዘራቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። ሁለቱ ከመወጣጫው ሥር ተገናኙ። ቃል ከቃል ተያያዙ፤ ተሳፋሪው ከበባቸው፤ ግማሹ ለጋሼ ወቅት፣ ግማሹ ለእትዬ ኮከብ ወገነ። አውቶቡሶች ጥሩምባ ቢነፉ የሚሰማ ጠፋ። ኃላፊው ከቢሯቸው ከራቫታቸውን እያጠበቁ ወጡ።

«በቃ! ጣቢያ ነው እንጂ ሸንጎ አይደለም። ቶሎ ካልተስማማችሁ ጣሪያውን ነጭ አስቀባዋለሁ፤ ግልግል!»

ቀለሜ ቤቷ ገብታ ነገሩን ለባሏ ነገረችው። ባሏ ካልሲውን እያወለቀ ሰማትና፣ «እኔ መንገድ ሲጠፋኝ አቁሜ እጠይቃለሁ» አለ። «አንቺ የት ልሣለው ብለሽ ነው የጠየቅሽው። ለምን እንደሆነስ ጠየቅሽ?»

አልጠየቀችም። ስለዚህ ሄደች።

የጋሼ ወቅት ክፍል ጋዜጣ ከወለል እስከ ጣሪያ የተከመረባት ጠባብ ክፍል ናት። በግድግዳው ላይ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ የምታርፍበት ቦታ በእርሳስ ተሰምሯል፤ መስመሮቹ በክረምትና በበጋ ወዲያና ወዲህ ይሄዳሉ።

«እይውልሽ» አሉ መሃለኛውን መስመር በከዘራቸው ነክተው። «ፀሐይ እዚህ ስትደርስ ቀንና ሌሊት ይተካከላሉ፤ ከዚያ ቀኑ ከሌሊቱ መርዘም ይጀምራል። የእኛ ሐመል እዚህ ይጀምራል። ከበስተኋላ የትኛው ኮከብ እንደቆመ አልጠይቅም። ሰው የወቅት ልጅ ነው፤ ቡቃያ ሲፈነዳ የተወለደና ቅጠል ሲረግፍ የተወለደ አንድ አይደሉም። የማነበው እሱን ነው።»

«ወቅቱ በሚገለበጥበት አገር የተወለደስ?»

ሽማግሌው ፂማቸውን ይዘው ሳቁ። «እሱን እኛም ገና እንጣላበታለን። ደግሞ እኔና እሷ ብቻ እንዳንመስልሽ፤ በሩቅ ምሥራቅ ወሩን ትተው ዓመቱን ራሱን ለአሥራ ሁለት እንስሳት ያደሉ አሉ፤ አይጥ፣ በሬ፣ ነብር እያሉ። ሰው ሁሉ ሰማዩን በሚያስፈልገው ነገር ይለካዋል።»

«ታዲያ በጉን ማን አመጣው?»

«ጥንት ባቢሎን ላይ የሰማይ ተመልካቾች ነበሩ። በዓመት ውስጥ ጨረቃ አሥራ ሁለት ጊዜ ያህል ስለምትሞላ የፀሐይን መንገድ ለአሥራ ሁለት እኩል ከፈሉት። ግሪኮች ወሰዱት፤ ኋላም ከወቅት ጋር አሰሩት። እኔ በዚያኛው መስመር ነኝ። ያን ጊዜ የበጉ ኮከቦች እውነትም እዚያው አካባቢ ነበሩ።»

«ነበሩ?»

«ይህን እሷን ጠይቂያት» አሉ ፊታቸውን አዙረው። «እሷ ትነግርሽ።»

እትዬ ኮከብን ያገኘቻቸው በቤታቸው ሰገነት ላይ ነው፤ ፀሐይ ገና መጥለቋ ነበር። ስለ ሙግቱ በቀጥታ ማንሣት ከብዷት ነገሩን በሰርጓ ጀመረች። «እትዬ፣ እኔና ባሌ አንገጥምም ብለው ነበር። ይኸው ሃያ ዓመታችን።»

«ኮከባችሁ አይገጥምም አልኩ እንጂ እናንተ አትገጥሙም መቼ አልኩ?» አሉና ወንበር ሳቡላት። ከዚያ ኋላ ሳቅ መጣ፤ ሳቁም በሩን ከፈተ።

ወደ ሰማይ አሳዩዋት። «ጨረቃን አየሻት? አጠገቧ ያለውን ደማቅ ኮከብስ? እኔ ዛሬ ጨረቃ እዚህ ኮከብ ጋ ናት ካልኩ ወጥተሽ ታይዋለሽ። አባቴ የተማሩት ከህንድ አገር በመጣው መንገድ ነው። እነሱ ለጨረቃ ሃያ ሰባት ማደሪያ ሰጥተዋታል፤ በየቀኑ አንዱ ጋ ታድራለች። ለፀሐይም አሥራ ሁለት እኩል ቤት አለን፤ ቤቱን ግን ከኮከብ ጋር ነው ያሰርነው። በሌለበት ቦታ አለ አልልም።»

«ታዲያ ለምን ተለያያችሁ?»

እትዬ ኮከብ ከቀሚሳቸው ኪስ ሳንቲም አውጥተው በጠረጴዛው ላይ አሾሩት። ሳንቲሙ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ዞረ፤ ቆይቶ የላይ ጠርዙ ቀስ እያለ ክብ ይሠራ ጀመር።

«ምድርም እንዲሁ ናት። ዘንጓ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል፤ በሰው ዕድሜ አንዲት እርምጃ ብትሄድ ነው። ግን ዘመን ይረዝማል። የወቅቱ መጀመሪያ ከኮከቦቹ ላይ እየተንሸራተተ ወደ ኋላ ሄደ። የሽማግሌው በግና የእኔ በግ ከሺህ ሰባት መቶ ዓመት በፊት አካባቢ በአንድ በረት ያድሩ ነበር። ዛሬ አንድ ቤት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተራርቀዋል።»

ቀለሜ ሳንቲሙ ወድቆ እስኪተኛ አየችው። ሃያ ዓመት የከነከናት ጥያቄ መልስ አገኘ፤ ከመልሱም ጋር ጣሪያው በሙሉ ፊቷ ላይ ተሣለ። ብድግ ብላ የእትዬ ኮከብን ጉንጭ ሳመችና ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

በማግሥቱ ኃላፊው ባሉበት ሁለቱንም ኮከብ ቆጣሪዎች ጠራቻቸው። «ሁለት ቀለበት እሥላለሁ» አለች። «አንዱ የወቅት፣ አንዱ የኮከብ። ሁለቱም እኩል ይታያሉ።»

ሁለቱም በአንድ አፍ፣ «የማን ከላይ ይሆናል?» አሉ።

ይህን ጠብቃዋለች። «የላይኛው ከፍ ይላል፤ ግን አንገት ያደክማል። የታችኛው ዝቅ ይላል፤ ግን ለዓይን ይቀርባል። ምረጡ።»

ጋሼ ወቅት ከፍታውን መረጡ። እትዬ ኮከብ፣ «የእኔ ነገር ሊታይ ነው የተፈጠረው» ብለው ቅርቡን ያዙ። ኃላፊው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ሄዱ።

ያ ሥራ ሥራ ነበር! በጀርባዋ ተንጋላ፣ ቀለም ቅንድቧ ላይ እየተንጠባጠበ ሣለች። የላይኛው ቀለበት በቡቃያ አረንጓዴ ጀምሮ በበጋ ቢጫ፣ በደረቅ ቅጠል ቀይ አልፎ በብርድ ግራጫ ተመልሶ ተገጠመ። የታችኛው ድቅድቅ ሰማያዊ ሆኖ ኮከቦቹ ራሳቸው በነጭ ተለቀሙበት፤ እትዬ ኮከብ ከወንበራቸው ሆነው «ትንሽ ወደ ግራ! እሱ ኮከብ ኩራተኛ ነው፣ ደመቅ አድርጊው!» ይሏት ነበር። ጋሼ ወቅትም ቡቃያው አልጠና ብሏል ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሟት። አንገቷ እንቢ ባለ ቀን ባሏ በሙቅ ውኃ ፎጣ እየነከረ ያሽላታል፤ በነጋታው ተመልሳ ትወጣለች። የድሮውን በግ ሳታጠፋ ወደ ላይኛው ቀለበት አስገባችው፤ በትክክል ከሥሩ የታችኛው ቀለበት ዓሣ፣ ሑት፣ መጣ። ከአንዱ ወደ ሌላው የወርቅ ቀለም መስመር አወረደች። በመስመሩ ዳር፣ ማሽን በማያውቀው በዚያ ወገበ ቀጭን ፊደሏ፣ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ጥንት አብረን ተነሣን፤ መንገድ ለያየን።»

መወጣጫው በተነሣበት ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በመጨረሻ ጣሪያውን የጋረደው ሸራ ሲወርድ ሰው ሁሉ ቀና አለ። አንድ ወፍራም ሻንጣ የያዘ ነጋዴ ሻንጣውን ትራስ አድርጎ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋለለ። ሌላው ተከተለው። ወዲያው አዳራሹ ሙሉ ሰው በጀርባው ተኝቶ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «እኔ ከላይ ሚዛን ነኝ፤ ከታች ደግሞ ሰንቡላ!» «እኔ በሁለቱም አንበሳ ነኝ፤ ሚስቴ ትስማ!» ይባባል ጀመር። የቀለሜ እናት እልልታውን አቀለጡት። ጋሼ ወቅት ባርኔጣቸውን አነሡ። እትዬ ኮከብ ለማንም የማይጎነብሰውን አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው፣ «እጅሽ ይባረክ፤ አባቴ ባዩት» አሏት። ቀለሜ እንባዋን በቀለማም እጇ ጠረገች። ባሏ ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ጥሩምባውን ነፋ፤ ሌሎቹም ሹፌሮች ተከተሉት፤ ጣቢያው በሙሉ ተንጫጫ።

ያን ሳምንት የፀጉር ቤቱ ባለቤት፣ «የታተመው ደብዝዟል፤ በእጅሽ ጻፊልኝ» ብሎ መጣ። ጫማ ሰፊው ተከተለ። ከሌላ ከተማ ደግሞ የቲያትር ቤት ሰዎች ጣሪያቸውን ሊያሳዩአት በመኪና ወሰዷት። ሁለቱ ኮከብ ቆጣሪዎች አሁን ከጣሪያው ሥር ጎን ለጎን ወንበር አላቸው፤ አልተስማሙም፣ የሚስማሙም አይመስልም። ሰው ግን አንዱን ጠይቆ ሌላኛዋን ሳይጠይቅ አይሄድም።

ኃላፊው አንድ ችግር ብቻ ቀርቷቸዋል። እሱንም በየሰዓቱ በድምፅ ማጉያ ያሰሙታል፦ «ክቡራን ተሳፋሪዎች፣ ወደ ላይ እያያችሁ አውቶቡስ እንዳያመልጣችሁ!» ቀለሜ ይህን በሰማች ቁጥር ባለችበት ቆማ፣ ብሩሿን እንደያዘች፣ እስኪያልቅ ታደምጠዋለች።