ለብርቄ የወሰድኩት የወይራ ዘይት

ሐሙስ ማለዳ ከደሴ ስነሳ ሁለት ነገር ይዤ ነበር፤ አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይትና የእናቴን አደራ። ታናሽ እህቴ ብርቄ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ከቤይሩት ከተመለሰች ሦስት ወሯ ነው። አካሏ መጣ እንጂ ልቧ አልመጣም፤ ፓስፖርቷን አሳድሳ ተመልሳ ልትሄድ ነው። እናታችን «አንቺን ትሰማለች፤ መጥተሽ አስቀሪልኝ» ብላ ላከችብኝ። ብርቄ ግን በስልክ የጠየቀችኝ ዘይቱን ብቻ ነው። ሱቅ ለሱቅ ስዞር ባለሱቆቹ ሳቁብኝ፤ በመጨረሻ ያገኘሁት ከፋርማሲ ነው።

ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በአውቶቡሱ መስኮት እየገባ አንዘፈዘፈን። ጠርሙሱ እንዳይሰበር ጋቢዬን ጠቅልዬበት ስለነበር እኔ ተንቀጠቀጥኩ። ለምሳ አቀስታ ወረድን፤ ሁዳዴ ስለሆነ ሽሮ በቃሪያ በላሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ አቧራ ብቻ ነው። መካነ ሰላም እናቴ ቤት እስክደርስ ድረስ ብርቄን የምለምንበትን ንግግር በልቤ ሳጠና ዋልኩ።

መካነ ሰላም፣ ዓርብ

ጠዋት በጩኸት ነቃሁ። እናቴ የፋርማሲውን ወረቀት አይታ መድኃኒት ያመጣሁላት መስሏት፣ በስመ አብ ብላ ጉልበቷን በዘይቱ ታሻለች።

«እማዬ! የሚበላ እኮ ነው!» ብላ ብርቄ ጠርሙሱን ነጠቀቻት።

«ወይራ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሚበላው? የወተት ዕቃ ይታጠንበታል እንጂ» አለች እናቴ። ቅር ብሏት ፊቷን አዞረች።

ከቅዳሴ ስንመለስ ብርቄ ስስ ዳቦ ጋግራ ጠበቀችን። የደረቀ ጦስኝ ከተቆላ ሰሊጥና ከጨው ጋር ወቅጣ በዘይቱ አራሰችው፤ አጠገቡ ቲማቲምና ሽንኩርት ከተፈች። የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮዬን ከረከረኝ። ሦስተኛውን ስቆርስ ግን ማንም አልለመነኝም።

እናቴ ቀስ ብላ አላመጠች። «ማን አስተማረሽ?»

«ሲት ማሪ፤ አሮጊቷ አሠሪዬ። የአልጋ ቁራኛ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ይችን ሳላጎርሳት ሌላ አትቀምስም። እሷም በሚንቀጠቀጥ እጇ ታጎርሰኝ ነበር።»

«አሁንሳ ማን ያጎርሳታል?»

«ሞተች፤ እቅፌ ላይ። ሲቀብሯት እኔን ቤት ጠብቂ አሉኝ። መቃብሯን ሳላይ እንዴት አርፌ ልቀመጥ እማዬ?»

ለካ የምትሄደው ለዚህ ነው! እኔ ደሞዙ ናፍቋት ነው ብዬ አምቻት ነበር፤ አፈርኩ።

እናቴ ዳቦውን አስቀመጠች። «ሦስት ወር ሳታለቅሺ?» አለች። ተነሥታ ነጠላዋን ለኀዘን አዘቀዘቀች፣ መደቡ ላይ ሰሌን አነጠፈች፣ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች።

ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ ነጠላውን አይተው እየሮጡ ገቡ። «ኧረ ምን ጉድ ነው? ማን ሞተ?»

«ልጄ እናቷ ሞታባት ነው» አለች እናቴ።

እማማ ዘይነባ ቆማ የምታናግራቸውን እናቴን አዩ፤ ብርቄን አዩ። አጠገቧ ቁጭ አሉና እጇን ያዙ። «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ ልጄ» አሏት።

ብርቄ ያን ጊዜ ጮኻ አለቀሰች። ሲመሽ ቤቱ በጎረቤት ሞላ፤ አንዳቸውም ሟቿን አያውቋትም። እኔም አለቀስኩ፤ እህቴ እኛ በሌለንበት የኖረችው ስምንት ዓመት አንጀቴን በላኝ።

ደሴ፣ ሰኞ

በመንገድ ካጠናሁት ንግግር አንድ ቃል አልተናገርኩም። አገሩ የገባ ሰው ናፍቆቱ የሚያልቅ ይመስለኝ ነበር፤ በሄደበት የተወውን ሰውና ማዕድ በልቡ ይዞ እንደሚመጣ ያወቅሁት ገና አሁን ነው።

ባለቤቴ ሻንጣዬን እየተቀበለ «እንዴት ሆነ? አስቀረሻት?» አለኝ።

«አልጠየቅኋትም» አልኩት። «ለቅሶ ደርሼ ነው የመጣሁት።»