ሦስቱም ላይ አንድ ስም

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነግሬያለሁ። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ በጾም ቀን ረስቼ የቀመስኩትን ሳይቀር ነግሬያለሁ። ይህን ግን አልነገርኩም። ባሌ አያውቅም። በጸሎቴ ውስጥ እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ «የማውቀውንም የማላውቀውንም ኃጢአቴን» እያልኩ በላዩ አልፌዋለሁ። ስድስት ዓመት ሆነው። ዛሬ የምጽፈው ደፋር ሆኜ አይደለም። እሑድ ስለደረሰብኝ ነው።

ያን ጊዜም እንደዛሬው ጆሃንስበርግ፣ ሜይፌር ነበር የምንኖረው። ባሌ መኮንን፣ እኔ ሙሉ፣ የስድስት ዓመቷ ልጃችን ማርታ፣ የመኮንን ታላቅ እህት እትዬ ወይንሸት። እናታቸው ስትሞት መኮንንን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ወደዚህ አገር ቀድመው መጥተው ያስመጡትም እሳቸው ናቸው። ዛንድስፕሩት ሰፈር ያለችውን ስፓዛ፣ ዳቦና ስኳር የምንሸጥባትን ትንሿን ሱቃችንን፣ የከፈቱት እሳቸው ናቸው። ደንበኞቹ «ሳውቦና ማማ» ሲሏቸው እያንዳንዱን በስሙ ጠርተው ሰላምታውን ይመልሱ ነበር። በቤታችንም የመጀመሪያው ቃል የሳቸው ነበር። ክፉ ሆነውብኝ አያውቁም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ በኋላ ሰበብ እንዳልፈልግ።

ከተማዋ ከበደችን። የቤቱ ኪራይ ሲጨምር የሱቁ ይከተላል፤ ከዚያ መብራቱ፣ ከዚያ ግብሩ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ስንበላ መኮንን «ከዚህ እንውጣ» አለ። ሁላችንም እሺ አልን። የት የሚለው ላይ ግን ተለያየን። እሱ ምታታ አለ፤ በጣም ሩቅ ነው፣ ግን ጓደኛው ርካሽ ሱቅ አግኝቶለት ነበር። እኔ ፖሎክዋኔ አልኩ፤ በአውቶቡስ የአራት ሰዓት መንገድ ነው፣ ግን እህቴ ሰናይት እዚያ ነበረች። እትዬ ወይንሸት ስፕሪንግስ አሉ። ስፕሪንግስ ከጆሃንስበርግ በታክሲ ቅርብ ነው፤ ኪራዩም ትንሽ ነው የሚቀንሰው።

«ስፕሪንግስ ምን አለሽ እትዬ?» አለ መኮንን።

«ምንም። ምታታ ስል ግን የምንተባተብ ይመስለኛል።»

ሳቀ። ከዚያ በላይ አልጠየቀም። እኔ አልሳቅኩም፣ ምክንያቱን አውቅ ነበርና። በዚያው ወር ለኔ ብቻ ነግረውኝ ነበር። የዓይን ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ ጠብታ እየጨመሩ በየሁለት ወሩ እዚሁ ጆሃንስበርግ ሆስፒታል መታየት አለባቸው። ቀጠሮው እንዳይዘለል ሐኪሙ አስጠንቅቋቸዋል። «ለመኮንን እንዳትነግሪው ልጄ» አሉኝ። «እኔን ብሎ ካለበት አይነቃነቅም።» አልነግርም ብዬ ቃል ገባሁ። ያን ቃል ጠበቅኩ። ከገባሁት ቃል ሁሉ እሱን ብቻ በደንብ ጠበቅኩ።

ሦስት ሳምንት ተነጋግረን አልተስማማንም። በመጨረሻ እትዬ ወይንሸት «ዕጣ ይውጣ» አሉ። በነሱ ቤት ሰው ያልተስማማበት ነገር በዕጣ ነው የሚያልቀው። ሦስት ቀን ይጾማል፣ ይጸለያል። ስሞቹ በየወረቀቱ ተጽፈው ይጠቀለሉና ሕፃን አንዱን ያነሳል። የቀሩት ሳይከፈቱ በጧፍ ይቃጠላሉ። ያልወጣውን ማየት እግዚአብሔርን መጠርጠር ነው ይላሉ። የወጣውን ደግሞ ማንም አያፈርስም።

«እኔ ልጻፍ» አለ መኮንን።

«ያንተን ጽሑፍ ዶሮ ናት የጫረችው፤ መልአክም አያነበው። ሙሉ ትጻፍ። የሷ እጅ ንጹሕ ነው።»

እኔም ሦስቱን ቀን ጾምኩ። ይህን እንዴት ልበለው? ጾምኩ፣ ሰገድኩ፣ «ፈቃድህ ይሁን» አልኩ። ያን ያልኩት ከልቤ ነበር? አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ከማርታ ደብተር ወረቀት ቀድጄ ማድ ቤት ገባሁ። የመጀመሪያው ላይ ፖሎክዋኔ ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። ምታታን አሰብኩ፤ የማላውቀው ሰፈር፣ ማንም ዘመድ የሌለኝ። ስፕሪንግስን አሰብኩ፤ ዕድሜ ልኬን በሰው ቤት እንደ ምራት መኖር። ፖሎክዋኔ ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶው አልቆመም። እስከዛሬ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ማንም አላዘዘኝም።

እትዬ ወይንሸት ጸሎቱን አደረሱ። መጽሐፉን ወደ ፊታቸው አስጠግተው ነበር የሚያነቡት። ማርታ አነሳች። መኮንን ፈታው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው፣ ወረቀቱንም ሳመው። እትዬ ወይንሸት በቀስታ እልል አሉ። ከዚያ የቀሩትን ሁለቱን በገዛ እጃቸው ወደ ጧፉ አስጠጉ።

አንዱ እየነደደ ተፈታ። «ፖ» የሚለውን ፊደል ከተቀመጥኩበት አየሁት። መኮንን ማርታን አቅፎ ነበር፣ አላየም። እሳቸው ግን ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው፣ ቀጥ ብለው እያዩት፣ አላነበቡትም። ዓይናቸው የነገሩኝን ያህል እንደደከመ በትክክል የገባኝ ያኔ ነው።

ሲገባኝም እፎይ አልኩ።

ውሸቱን ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ ለሱ ንስሐ የምገባበት ቃል አለኝ። ለዚያች እፎይታ ግን ምን ቃል አለኝ? የሰው ዓይን ሲከዳ አይቼ እግዚአብሔር ይመስገን ያልኩ ሰው ምን እባላለሁ?

በማግስቱ «እርስዎ ለቀጠሮው እዚሁ ቢቀሩስ?» አልኳቸው። ደግነት አስመሰልኩት። እንዲቀሩ ፈልጌ ነበር።

«ዕጣው ለሁላችንም ነው የወጣው ልጄ» አሉ። «እግዚአብሔር ፖሎክዋኔ ካለ ዓይኔንም ያውቃል።»

ሄድን። መጀመሪያ በየሁለት ወሩ በአውቶቡስ ይመላለሱ ነበር። ከዚያ በየአራት ወሩ ሆነ። ከዚያ እዚያ የከፈትነው ሱቅ ሥራ በዛበትና «ጠብታው ይበቃኛል» ማለት ጀመሩ። እኔ ቀኑን አውቅ ነበር። አላስታወስኳቸውም። እህቴ ሰናይት ዓመት ሳይሞላን ባሏን ተከትላ ኬፕታውን ገባች። የዋሸሁላት እህቴ ጥላኝ ሄደች፤ የዋሸሁባቸው እሳቸው አብረውኝ ቀሩ። ሁለተኛዋ ልጄ ሊድያ እዚያ ስትወለድ ያረሱኝ እሳቸው ናቸው።

በሦስተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት መኮንን ከውጭ ወደ ሱቁ ገባ። እትዬ ወይንሸት ቀና ብለው «ሳውቦና» አሉት፣ እንደ ደንበኛ። የቀለዱ መስሎት በዙሉ መለሰላቸው፤ ዳቦ ስጪኝ አለ። ዳቦውን አነሱና ከፊቱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገው ዘረጉት። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁ።

ያን ሳምንት ጆሃንስበርግ አመጣናቸው። ሐኪሙ የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ ነገረን፤ ክትትሉ ባይቋረጥ ግን ሊቆይ ይችል ነበር አለ። ማንንም አልወቀሰም። መኮንን ኮሪደሩ ላይ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

አፌን ስከፍት እትዬ ወይንሸት ቀደሙኝ። «ከየት አባቷ ታውቃለች? ለማንም አልነገርኩም።»

እሳቸው ዋሽተው አያውቁም። ያን ቀን ለኔ ሲሉ ዋሹ። እኔም ዝም አልኩ።

ጠቅልለን ወደ ጆሃንስበርግ ከተመለስን ሁለት ዓመት አለፈን። እግዚአብሔር ይመስገን ቤት አለን፣ ልጆቹ ይማራሉ፣ እሳቸውም ምድጃውን በእጃቸው እየዳሰሱ ወጥ ይሠራሉ። «ዕጣው ባይሆን ሊድያ የት ትወለድ ነበር?» ይላሉ። እሳቸው ሲያመሰግኑ እኔ አሜን እላለሁ፤ አሜኑ ይከሰኛል። አንዳንዴ፣ ያለዚያም ፖሎክዋኔ ይወጣ ነበር ይሆናል ብዬ ራሴን አባብላለሁ። ይሆናል። ግን እግዚአብሔርን አልጠየቅኩትም። የጠየቅኩት አስመስዬ እኔ መለስኩለት።

ባለፈው ሳምንት ኪራዩ እንደገና ጨመረ። መኮንን ብሉምፎንቴን ይላል፤ እኔን ሲጠይቀኝ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመርኩ። እትዬ ወይንሸት «ለኔ የትም አንድ ነው፤ የማየው መልክአ ምድር የለኝ» ብለው ቀለዱ። ከዚያ «እሑድ ዕጣ ይውጣ። ሊድያ ታነሳለች። ጸሐፊዋ ያቺው ሙሉ ናት፤ እጇ ለዚህ ቤት ተባርኳል» አሉ።

ጾሙ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከማርታ ደብተር ወረቀት ቀድጄ ማድ ቤት ገባሁ፤ በከተሞቹ ስም ፈንታ የጻፍኩት ይህን ነው። ጽፌ ትራሳቸው ሥር ላስቀምጠው አስቤ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ። ይህን ማንበብ የሚገባቸው ሰው ማንበብ አይችሉም። ያንንም ያደረግኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ በገዛ አፌ ላነብላቸው ግድ ነው፣ መኮንንም እየሰማ። እፎይ ያልኩበትን ቦታ ሳልዘል።

እሳቸው ይቅር ይሉኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ቶሎ፣ ሳልጨርስ። እንዳያቋርጡኝ እለምናቸዋለሁ። አንተም ያነበብክ፣ አንቺም ያነበብሽ፣ ይቅርታ አልጠይቃችሁም። የበደልኩት እናንተን አይደለም። ድምፄ እንዳይቆም ብቻ ጸልዩልኝ።

አሁን ከሳሎን ጠሩኝ። «ሙሉ፣ ወረቀቱን ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ እትዬ» አልኩ። «ይዤ እየመጣሁ ነው።»