የኃይለየሱስ ዘይት

ኃይለየሱስ ሶዶ ከተማ ውስጥ የልብስ ስፌት ማሽን ይጠግናል። የሚሠራበት በረንዳ ከእኔ የጨርቅና የክር ሱቅ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት ሲያስነጥስ ይማርህ የምለው እኔ ከሊል ነኝ። አባቱ ከጉራጌ፣ አባቴ ከስልጤ በአንድ ዘመን መጥተው ነው እዚህ ሥራ የጀመሩት። እሱ ለመስቀል አገሩ ሲሄድ በረንዳውን እኔ እጠብቃለሁ፤ እኔ ለአረፋ ስሄድ ሱቄን እሱ ይጠብቃል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ አሁን ስለ እሱ የማወራውን ክፉ ነገር ከጥላቻ እንዳትቆጥሩብኝ ነው።

ክፉው ነገር ይኸውላችሁ፤ ሰውዬው ተሳሳትኩ ማለት አያውቅም። ማሽን ሲመጣለት ገና ሳይከፍተው "ዘይት ጠምቶት ነው" ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ሆኖ ይገኛል፤ እኔን የሚያበሽቀኝም ይሄው ነው። የሱቄን በር ማጠፊያ፣ የባለቤቴን የዛራን መቀስ፣ የሰፈሩን ልጆች ብስክሌት፣ ሁሉንም ዘይት አጠጥቷል። አፏ ሾጣጣ የሆነች ትንሽ የዘይት ዕቃ ከደረት ኪሱ አትለይም፤ ሸሚዞቹ ሁሉ በዚያ በኩል ቢጫ ናቸው።

ባለፈው በጋ ሀብታሙ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ከቤሌ መጣ። ከአራት ዓመት በፊት ድንጋይ ሲጭን ቀኝ እጁ ተጨፍልቆ ሦስቱ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውታል፤ የቀሩለት አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ናቸው። መረብ ሁለት ሙሉ እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ጓደኞቹ በጀልባ መረብ ሲጥሉ እሱ በአገሩ ከተሠራው ግድብ ሐይቅ ዳር ቆሞ በዘንግ ያጠምዳል። ዘንጉ ግድቡ ሲሠራ እዚያ የነበረ አንድ ፈረንጅ ለአጎቱ ትቶለት የሄደው ነው። ታች በኩል ክሩን የሚጠቀልል ባለ እጀታ ዕቃ ተገጥሞለታል፤ ፈረንጆቹ ምን እንደሚሉት አላውቅም፣ እኛ ማጠንጠኛ አልነው። ሀብታሙ ዘንጉን በግራው ይይዛል፣ እጀታውን በቀኙ ሁለት ጣት ያዞራል፤ ዓሣውም እየተጠቀለለ ይመጣል። ሚስቱንና ልጆቹን የሚያበላው በእነዚያ ሁለት ጣቶች ነው።

"ጋሼ፣ ትንጫጫለች። ሲያዞሯት ድንጋይ የምትፈጭ ትመስላለች" አለ ለኃይለየሱስ።

ኃይለየሱስ በዕድሜው የዓሣ ማጥመጃ ነክቶ አያውቅም። "ምን አለው፣ ማሽን ማሽን ነው። ዘይት ጠምቶት ነው" አለ።

ፈታው፤ ውስጡ የገባውን አሸዋ በብሩሽ አወጣ፤ ከዚያ ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ ዘይት አጠጣው። መልሶ ሲገጥመው እጀታው በትንሽ ግፊት ያለ ድምፅ ብዙ ዙር ሄደ። ሀብታሙ ደስ ብሎት መርቆት ሄደ። ኃይለየሱስም ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ለአላፊ አግዳሚው ሲተርክ ሰነበተ፤ እኔ ብቻዬን ሦስት ጊዜ ሰምቻለሁ።

ወር ሳይሞላ የሀብታሙ ሚስት እልፍነሽ ዘንጉን በነጠላ ጠቅልላ መጣች። የመጣችው ግን ወደ እኔ ነው።

"ጋሽ ከሊል፣ ይቺን ሽጡልኝ።"

"ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?"

"እሱስ ደህና ነው። እጁ ነች እምቢ ያለችው። ትልቅ ዓሣ ሲስብበት እጀታው ከጣቱ አምልጦ ወደ ኋላ ይዞራል። ክሩ ሁሉ ይሄዳል። እጄ ሞተ በቃ ይላል። ከቤት ካልወጣ አሥር ቀኑ ነው።" ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። "ልጆቹ ሳያዩት ጣቶቹን ይነክሳል። ሕመም ይሰማቸው እንደሆነ ሊያይ።"

ኃይለየሱስ ከበረንዳው ሰምቷል። "ያሳዝናል። እጅ ደግሞ ምን ይደረጋል" አለና መጥቶ የማጠንጠኛውን እጀታ አዞረው። የሥራውን ጥራት ሊያሳየን ነበር። እኔም ነገር ስፈልግ የክሩን ጫፍ ይዤ፣ "በል እኔ ዓሣ ነኝ፣ አውጣኝ" ብዬ ጎተትኩት።

እጀታው ከእጁ አምልጦ ወደ ኋላ ተሽከረከረ።

"አጥብቀህ ያዝ እንጂ ኃይሌ።"

አጥብቆ ያዘ። ጎተትኩ። አሁንም አመለጠው። የእሱ እጅ አምስቱም ጣት ያለው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ብሎን ሲፈታ የኖረ እጅ ነው። እየሳቅሁ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ግን ሳቄን ተውኩት።

ካቻቢቴውን አንስቶ ማጠንጠኛውን ፈታው። ከእጀታው ጋር የሚዞረው ብረት ላይ አንዲት ትንሽ ኩሽኔታ ተሰክታለች። ወደ ፊት ሲያዞሯት ትለቃለች፤ ወደ ኋላ ሊመልሷት ሲሉ ብረቱን ነክሳ ትይዛለች። ዓሣው የቱንም ያህል ቢጎትት የምትችለው እሷ ናት እንጂ የሰው ጣት አይደለም። ነክሳ የምትይዘው ግን ደረቅ ስትሆን ነው፤ አሁን በኃይለየሱስ ዘይት ውስጥ ትዋኛለች።

በቤንዚን አጠባት፣ በጨርቅ አደረቃት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣት። ሊገጥማት ሲል እጁ ሳያስበው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ትንሽ ቆም አለና የዘይት ዕቃውን አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። "እስክጨርስ ያዝልኝ" አለ። ከገጠመው በኋላ ክሩን ባለ በሌለ ጉልበቴ ጎተትኩት፤ እጀታው ፍንክች አላለም።

"ልውሰደው ጋሼ?" አለች እልፍነሽ።

"እኔ ነኝ የምወስደው" አለ ኃይለየሱስ።

በረንዳውን ዘጋ። በሥራ ቀን ሲዘጋ አይቼ የማውቀው ለቀብር ብቻ ነው። እኔም ሱቄን ለዛራ ትቼ አብሬያቸው የቤሌ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። እውነቱን ልናገርና፣ የሄድኩት ተሳሳትኩ ሲል ልሰማው ነው። መንገዱን ሙሉ ዘንጉን አቅፎ ሄደ።

ሀብታሙ ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ቀኝ እጁን በጋቢው ሸፍኗል። ተነስቶ ተቀበለን፣ ቦይና የሚሉት የተቀቀለ ሥራሥር ከዳጣ በርበሬው ጋር ቀረበልን፤ ዘንጉን ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ።

"ለምን መለሱት ጋሼ? ሙሉ እጅ ያለው ሰው ይግዛው።"

ኃይለየሱስ ምግቡን አልነካም። "እንደ ልማድህ ያዘው" አለው።

"ይቅርብኝ።"

"አንዴ ብቻ፣ ልጄ።"

ለሽማግሌ እምቢ ማለት ከብዶት ያዘው፤ ዘንጉን በግራው፣ እጀታውን በሁለቱ ጣቶች። ኃይለየሱስ የክሩን ጫፍ በጨርቅ ጠምጥሞ ግቢውን እስከ እንሰቱ ድረስ ተሻገረና መላ ሰውነቱን ጥሎ ጎተተ። ዘንጉ ጎበጠ። እጀታው ግን በሁለቱ ጣቶች መካከል ባለበት ቆመ። እንደገና ጎተተ። ባለበት ቆመ።

ክሩን ለቆ እያለከለከ ተመለሰ። "እጅህ አይደለም" አለ። "ዘይት መንካት የሌለበትን ቦታ ዘይት አጠጣሁት። ተሳስቻለሁ። አሥር ቀን ቤት ያስቀመጥኩህ እኔ ነኝ።"

ለዚህች ቃል ነበር ከሶዶ ድረስ የተከተልኩት። ስሰማት ግን ደስ አላለኝም።

ሀብታሙ አልተቆጣም፣ አላመሰገነምም። ዘንጉን ለእልፍነሽ ሰጣትና ቀኝ እጁን በግራው ይዞ ብዙ አየው።

"ይቺን እጅ ስንት ሰደብኳት" አለ። "ምንም አላጠፋችም።"