ቀያይ ቁጥሮች በወንድሜ ጋቢና

በሰው ሚስት ቀንቼ አላውቅም። በሰው ቤትም ሆነ በሰው ልብስ አልቀናም። እኔን እርር ድብን ያደረገኝ የመኪና ዳሽቦርድ ነው፤ ያውም ከግማሽ ዳቦ የማትበልጥ፣ ቀያይ ቁጥሮች የሚበሩባት አንዲት ሰሌዳ። ሰሌዳዋ የተገጠመችው በታላቅ ወንድሜ መኪና ላይ ነበር። የሠራኋት ግን እኔ አልነበርኩም።

ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። በአርባ ምንጭ ታችኛው ሰፈር፣ ሲቀላ፣ ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ የምሠራባት የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችኝ። የመኪና ማስነሻ ሞተሪኖ እጠግናለሁ፣ ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ የተቃጠለ ሽቦ እቀይራለሁ። በዚያ ዘመን ወደ አርባ ምንጭ የሚመጡት የጭነት መኪኖች አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኝ ነበር። ሞተራቸው ይሠራል፤ ዳሽቦርዳቸው ግን ከሞተ ቆይቷል። ፍጥነት የሚያሳየው ኮንታኪሎሜትር ዜሮ ላይ ተኝቷል፣ የሙቀቱ መርፌ ተሰብሮ ከመስታወቱ ሥር ወድቋል። መለዋወጫ የሚባል ነገር አይገኝም። ሾፌሩ ሞተሩ መጋሉን የሚያውቀው በአፍንጫው ነው።

ወንድሜም በአፍንጫው ነበር የሚነዳው። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ እለዋለሁ። የአንድ ነጋዴ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዞ ጨውና ቆርቆሮ ወደ ደጋው ገረሴ ያወጣል፣ ድንችና ገብስ ያወርዳል። ዳገቱ ሞተር ያፈላል። አንድ ጊዜ ኃይለኛ ጉንፋን ይዞት ሽታው ሳይሰማው ቀረና ሞተሩ ተቃጠለ። ባለቤቱ አሠራለት፤ ነገር ግን ከደገመህ ቁልፉን አስረክበህ ትሄዳለህ አለው። ያ መኪና ከሄደ የእናታችንም፣ የልጆቹም፣ የኔም እንጀራ አብሮ መሄዱ ነው።

ሐሳቡ የመጣው ለኔ ነው። ይህን ሳልናገር አላልፍም። ላይኛው ሰፈር ሴቻ የሚኖር፣ በአንድ ትምህርት ቤት የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚሠራ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ እግር ወዳጅ ነበረኝ። አንድ ቀን ዓሣ ቤት ምሳ ስንበላ፣ እንደ ጠረጴዛ ሰዓት ቁጥር የሚያበራ ዳሽቦርድ ለነዚህ አሮጌ መኪኖች ቢሠራስ አልኩት። ሙቀቱን፣ የዘይቱን ግፊት፣ ፍጥነቱን በቁጥር ቢያሳይስ? የጎረሰውን ሳያላምጥ ቆሞ አየኝ። ከዚያ እጁን እንኳ ሳይታጠብ፣ አብረን እንሥራው አለ። እኔም እናያለን አልኩት፤ ሰው አልፈልግም ሲል እናያለን እንደሚለው ዓይነት። ምክንያቱም ላሳደገኝ ወንድሜ በራሴ እጅ ልሠራለት ፈልጌአለሁ። "እነሱ ሠሩት" ሳይሆን "ወንድሙ ሠራለት" እንዲባል ነበር ምኞቴ።

ወዳጄም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። እኔ በሲቀላ፣ እሱ በሴቻ፣ ሁለታችንም በየራሳችን መሥራት ጀመርን። እኔ የሞቱ የጠረጴዛ ሰዓቶች እየለመንኩ ቁጥሮቻቸውን ነቀልኩ። ሣጥኗን ከሞተር ዘይት ጣሳ ቆርጬ ሠራኋት። ስትበራ ታምራለች፤ ስትጠፋ ጣሳ መሆኗን መደበቅ አይቻልም። የሱ ግን ከፋብሪካ የወጣች ትመስል ነበር። ፊቷ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ ጠርዟ ተሞርዷል፣ ከኋላ ሽቦዎቿ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነዋል። በፎጣ ጠቅልሎ፣ ታክሲ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፎ ከሴቻ አወረዳት። ፎጣውን ሲገልጠው ምራቄን ዋጥኩ።

ሁለቱንም ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ወንድሜ ገብቶ አየ። ሁለቱም በርተው የፈላ ውኃ ሙቀት አንድ ዓይነት አነበቡ። ወንድሜ የኔን አነሳ፣ ገልበጥ አድርጎ አያት፣ መልሶ አስቀመጣት። የልጁን አነሳና ይቺን ግጠሙልኝ አለ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም።

የገጠምኳት ደግሞ እኔ ነኝ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራዬ ነዋ! ልጁ ባትሪ እያበራልኝ፣ እኔ ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ፣ የሰው ሥራ በወንድሜ መኪና ላይ አሰርኩ። ስጨርስ ወንድሜ እጅህ ይባረክ አለኝ። ምርቃቱ እንደ እሾህ ነበር የወጋኝ።

ከዚያ ወዲያ ሲቀላ ለኔ ጠበበችኝ። ወንድሜ መናኸሪያው ጋ ሲቆም ሾፌሮች ጋቢናው ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። ማን ሠራት ሲሉት፣ የሴቻው ልጅ ይላል። ዳገት ላይ ሙቀቱ ሲጨምር ቁጥሩን በጋሞኛ ጮክ ብሎ ለተሳፋሪ ይቆጥራል አሉ። ይህን የነገረኝ ሰው የሚያስቅ መስሎት ነበር። ለመስቀል ደግሞ ወንድሜ ልጁን ቤት ጠራው። ከኔ ጎን አስቀመጠውና ከጥሬ ሥጋው ጥሩውን መርጦ መጀመሪያ የቆረጠው ለሱ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ በየዓመቱ መጀመሪያ የሚቆረጥልኝ ሰው ነበርኩ። የዳታው በርበሬ አቃጠለኝ ብዬ ዓይኔን ጠረግኩና ተነስቼ ወጣሁ።

ማታ ማታ ሰሌዳዋ ምን እንደሚጎድላት አስብ ነበር። ምንም አይጎድላትም። ይኼ ነበር በጣም የሚያናድደው።

ዝናቡ ባቆመ ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወንድሜ ድንች እንደጫነ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ከጋቢናው ሲወርድ ፊቱ አቧራና ላብ ነበር። ከገረሴ እስከዚህ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ እንደ ድሮው እያሸተተ ነው የመጣው። ጠፋች አለ። ጠዋት መኪናውን ሲያስነሳ አንዴ ቦግ ብላ ነው የጠፋችው። ፊቴን አጨፈገግኩ፤ ሆዴ ግን እስክስታ ይመታ ነበር። የራሴን ሰሌዳ ከመደርደሪያው አወረድኩ። አቧራዋን በእጅጌዬ ጠርጌ ፊቱ አስቀመጥኳት።

"ይቺን መልሳት" አለ። "ያቺን ነው የምትሠራልኝ።"

ያን ጊዜ አልቻልኩም። ወራት ሙሉ የዋጥኩት ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ።

"የኔ ምን ጎደላት ጋሼ? ከሰው ሁሉ የኔን እጅ ነው የጠላኸው?"

ወንድሜ ባዶ የባትሪ ሣጥን ስቦ ተቀመጠ። ለመናገር የሚቸኩል ሰው አይደለም።

"ዛሬ ጠዋት ስትጠፋብኝ ያንን ልጅ ሰደብኩት" አለ። "እስከ ዘር ማንዘሩ ሰደብኩት። ከዚያ ወርጄ ወዳንተ መጣሁ። ያንተ ብትሆን ኖሮ ማንን እሰድባለሁ? ሞተሩ ቢቃጠልና መኪናውን ቢነጥቁኝ፣ ዕድሜ ልኬን አንተን ሳይ ምን ይታየኛል? የሰው ሥራ ቢበላሽ ወንድሜ ጋ እመጣለሁ። የወንድሜ ሥራ ቢበላሽ ማን ጋ እሄዳለሁ?"

የልጁን ሰሌዳ ከመኪናው ፈትቼ ከፈትኳት። ሽቦዎቿ እንደተጎነጎኑ ናቸው። ከመግቢያዋ ላይ ግን አንዷ ዕቃ ጠቁራለች። ወንድሜን ጠዋት መኪናውን እንዴት እንዳስነሳው ጠየቅኩት፤ የማላውቀው ሆኖ አይደለም። ባትሪው ስሙ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ዘወትሩ ገረሴ ላይ ቁልቁለት ፈልጎ፣ ጎማው ሥር ታኮ አድርጎ ነው ያሳደረው። ጠዋት ታኮው ተነሥቶ፣ መኪናው ቁልቁል ተንደርድሮ፣ በማርሽ ነው የተነሳው። ደህና ባትሪ ከሌለ የዲናሞው ኃይል የሚያርፍበት የለውም፤ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ያቃጥላል። ልጁ ሰሌዳዋን የሞከራት በቤተ ሙከራ ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚያ የተረጋጋ መብራት ምን ይነካታል።

ቀስ ብዬ የራሴንም ከፈትኳት። መግቢያዋ ላይ ምንም መከላከያ የለም። እኔም የሞከርኳት ሱቄ ውስጥ፣ በራሴ እጅ ቻርጅ ባደረግኩት ሙሉ ባትሪ ነው። ያውም ያንን መኪና ቁልቁል እየገፋሁ ያደግኩ ሰው! የኔ ተገጥማ ቢሆን ኖሮ በዚያው ጠዋት፣ በዚያው ቁልቁለት ላይ ትቃጠል ነበር። ለወንድሜ ነገርኩት። እሱም ራሱን ነቀነቀና ሻይ አምጡልኝ አለ።

ሴቻ ወጥቼ ልጁን ይዤው ወረድኩ። በሁለታችን ፊት ሁለቱም ሰሌዳዎች ተከፍተው ነበር። የተቃጠለችውን ዕቃ እሱ ቀየረ፤ እኔ ከመግቢያው ላይ ኃይል ሲበዛ ቀድማ የምትቋረጥ ቫልቮላና ድንገተኛውን ኃይል የሚያለዝብ የመዳብ ጥቅልል ጨመርኩ። ለኔዋም እንደዚያው አደረግን። የኔን ዓይቶ ቁጥሮቿ ከሱዋ ይልቅ በፀሐይ በደንብ እንደሚታዩ ነገረኝ። ደስ እንዳይለኝ ብዙ ታገልኩ።

የሱ ሰሌዳ እንደገና በወንድሜ ጋቢና ተሰቀለች፤ ከዚያ በኋላ አልጠፋችም። ሞተሩም አልተቃጠለም። ወንድሜ ያንን መኪና ራሱ ደክሞት እስኪያስረክብ ድረስ ነዳው። ሌሎች ሾፌሮችም ተከትለው መጡ፤ የሴቻውን ልጅ ሥራ ግጠምልን እያሉ። እኔም በጀርባዬ እየተኛሁ ገጠምኩላቸው።

የወንድሜ መልስ ያኔም ገብቶኛል። ከዚያ በላይ የወደደኝ ሰው የለም። ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፤ ሁለቱ እንዴት አንድ ሆድ ውስጥ እንደሚያድሩ አላውቅም። የኔዋ ሰሌዳ ያለ መኪና መደርደሪያው ላይ ቀረች። አንዳንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ከባትሪ ጋር አገናኛታለሁ። ሙቀት የሚለካው ጫፏ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ የሲቀላን የከሰዓት ሙቀት ያነባል። አንድም ቀን አልተሳሳተችም፤ ጠያቂ ቢኖራት።