አገር ስጪኝ ያሏት ልጅ

ገና ልጅ ሆኜ፣ ያኔ የኤሌክትሪክ መብራት ከአስፋልቱ ዳር አልፎ ወደ እኛ ሰፈር ሳይወርድ፣ አመሻሻችን ሁሉ ሼህ ይመር ቤት ነበር። ሼህ ይመር ከሐይቁ ዓሣ እያወጡ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። መግሪብ ሰግደው ሲያበቁ ኩራዙን ምሰሶው ላይ ይሰቅላሉ፣ የተቀደደ መረባቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው መጠገን ይጀምራሉ፣ እኛ የሰፈሩ ልጆች፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም፣ ፍሙን ከበን እንኮለኮላለን። የባሕር ዛፉ ጭስ ያስለቅሰናል። የመረቡ የዓሣ ሽታ ልብሳችን ላይ ተጣብቆ አብሮን ወደ ቤት ይገባል፤ እናቴ የት እንዳመሸሁ ጠይቃኝ አታውቅም፣ ከልብሴ ሽታ ታውቀው ነበር።

ከተረቱ በፊት እንቆቅልሽ ነበር። ጨዋታውን ሁሉም ያውቀዋል፤ መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፣ እሱም ደሴን ወይ ጎንደርን ይሰጣል፣ ጠያቂው አገሩን ከተረከበ በኋላ የተሸነፈውን እየሰደበ ቤቱን ያስቃል። ለዛው ስድቡ ነው። ሼህ ይመር ቤት ግን ስድቡ ልጓም ነበረው። በአፍንጫው ስደበው፣ በእንቅልፋምነቱ ስደበው፤ እናት አባቱን፣ ድህነቱን፣ ሃይማኖቱን እንዳትነካ። «ሰው ባልመረጠው ነገር አይሰደብም» ይሉ ነበር።

አንድ ምሽት ገበየሁ የሚባል ከሁላችንም ጠና ያለ ልጅ ሰዓዳን ጠየቃት። ሰዓዳ በድርቁ ጊዜ ከእናቷ ጋር ከአምባሰል ተሰዳ የመጣች ልጅ ነች። አላወቀችም። አገር ስጪኝ ሲላት ግሸንን ሰጠችው።

«ግሸን ገብቼ ስበላ ስጠጣ፣ እናትሽ ከደጄ ቁራሽ ትለምን!» አለ ገበየሁ።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሼህ ይመር መረቡን አስቀመጡ፣ ተነሡና ኩራዙን እፍ አሉት። ፍሙ ብቻ ቀረ።

«ሂዱ። ተረት አለቀ።»

አንዱ ልጅ «እኔ መች ሳቅሁ፣ አባባ?» አላቸው።

«አንተስ መች ተው አልክ?»

ከዚያ በኋላ በራቸው ተዘጋብን። ሰዓዳ ካልመጣች ተረት የለም፤ ገበየሁ ብቻውን ሄዶ ቢያመጣትም አይሆንም፣ ሁላችንም ሄደን ነው የምናመጣት። ሄድን። እናቷ በር ላይ ቆመን ተለማመጥናት፣ ሰዓዳም መጣች። ሼሁ ወደ ፍሙ ጠጋ አድርገው አስቀመጧትና ኩራዙን ለኩሰው ተረታቸውን ቀጠሉ። ምን እንደተረቱ አላስታውስም። እፍ ያሉት ኩራዝ ግን እስከ ዛሬ ይሸተኛል።

ዛሬ አያት ሆኛለሁ፤ ከአራተኛ ክፍል ግን አላለፍሁም። ጸሎቴን አውቃለሁ፣ እርሻዬን አውቃለሁ፣ ሰውም አምኖኝ የትምህርት ቤታችን ወላጅ ኮሚቴ አድርጎ መረጠኝ። ለውጥ መጣ ሲሉን እልል ብለን ነበር። እልልታችን ሳይበርድ ጦርነቱ ከተማችን ሐይቅ ገባ። ግማሻችን ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን፣ ግማሹ ቀረ። የሼህ ይመር ልጅ ሰይድም ቀረ። እናቱ አልጋ ላይ ናቸው፤ አዝሎ የት ይድረስ? የገቡት ታጣቂዎች በሬውን ወሰዱበት፣ እሱንም ደበደቡት። ስንመለስ ደግሞ የሸሸው ሰው የቀረውን በጎን ማየት ጀመረ፤ «ቤታችንን ማን ጠቆመ? ማን አበላቸው?» እያለ።

ትምህርት ቤቱ ዴስኩ ተማግዶ አመዱ ነው የጠበቀን። ቆይቶ በእርዳታ ዴስክ መጣ፣ ግድግዳውም ተቀባና በትልቁ «ትምህርት ቤታችን የፍቅርና የመከባበር ቤት ነው» ተብሎ ተጻፈበት። ቀለሙ ያምራል።

እዚያው ግድግዳ ሥር ነው ነገሩ የሆነው። የሰይድ ልጅ ፋጡማ አራተኛ ክፍል ነች። በእረፍት ሰዓት ከክፍሏ ልጆች ጋር እንቆቅልሽ ሲጫወቱ መልሱ ጠፋት። አንዱ ልጅ አገር ስጪኝ አላት።

«ሐይቅን» አለች።

«ሐይቅንማ አባትሽ ሰጥቶታል! ሌላ አገር ካለሽ አምጪ!»

ልጆቹ ሳቁ። የክፍሉ ኃላፊ መምህር አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ እሱም ሳቀ። ትልቅ ሰው፣ ጠመኔውን በእጁ እንደያዘ። ፋጡማ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፣ በዚያው ቀረች። ይህን የነገረኝ የልጅ ልጄ ነው፤ እየሳቀ ጀምሮልኝ ፊቴን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

ኮሚቴው ሲሰበሰብ ስለ መልካም የትምህርት ቤት ባህል ረዥም ነገር ተነበበልን። እስኪያልቅ ታገሥሁ። ከዚያ ተነሥቼ ስለ ፋጡማ ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው። ልጆች ናቸው» አለ መምህሩ።

«ልጆቹስ ልጆች ናቸው። አንተ ምንድን ነህ?»

ፊቱ ተለዋወጠ። «ወንድሜ እዚህ ተራራ ላይ ቀርቷል። ሬሳውን እንኳ አላገኘሁም። እዚህ የቀሩት ሰዎች ምን ሲሠሩ እንደከረሙ ማን ያውቃል?»

አንጀቴን በላኝ፣ አልዋሽም። ንዴቴ ግን አልበረደም። «ነፍስ ይማር። ወንድምህን ፋጡማ ነች የገደለችው?» አልሁት። ከዚያ የሼህ ይመርን ነገር አወራኋቸው፤ ክፍሉ ሁሉ፣ መምህሩም ጭምር፣ ሄዶ ልጅቱን ያምጣት አልሁ።

አንዱ ኮሚቴ «እና ትምህርት ቤቱን እንደ ሼሁ ኩራዝ እፍ እንበለው?» ብሎ አሳቀብኝ።

«በሉት! የሚበራው ልጅ እየመረጠ ከሆነ እፍ በሉት!»

ርዕሰ መምህሯ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና «ነገ ክፍሉን ይዤ እሄዳለሁ» አሉ። መምህሩ «እኔ ከዚያ ሰው ደጅ አልቆምም» አለ። አልመጣምም።

ሰይድን ከሐይቁ ዳር፣ ከቤቱ ደጅ ያለውን ሽንኩርቱን ውኃ ሲያጠጣ አገኘነው። ያን ሁሉ ልጅ አይቶ ግቡ አላለንም። ወሎ ተወልዶ ደጁ የመጣን ሰው ግቡ ሳይሉ መቅረት ምን ያህል ቢያመው እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል።

«የሳቀው የት አለ?» አለ።

«አልመጣም» አሉ ርዕሰ መምህሯ።

«እንግዲያ የኔም ልጅ አትመጣም።»

ያን ጊዜ ያ የተሳደበው ልጅ ከመሀል ወጥቶ ወደ ቤቱ ጮኸ፤ «ፋጡማ! ሁሉንም አገር እሰጥሻለሁ! እስኪበቃሽ ስደቢኝ!»

ከበሩ ኋላ ድምፅዋ መጣ። «የሸሸሁት አንተን አይደለም። ቲቸር ሲስቅ አይቼዋለሁ። ነገም ይስቃል?»

ርዕሰ መምህሯ ወደ በሩ ጠጋ ብለው «እኔ እዚያ እያለሁ አይስቅም» አሉ። ቤት ውስጥ አልጋ ላይ ያሉት የሰይድ እናት «በአላህ ልቀቃት ሰይድ! ለነሱ ጥፋት የኔን ልጅ መሃይም ልታደርጋት ነው?» ብለው ጮኹ። ሰይድ ዞር ብሎ ውኃውን ወደ ሌላኛው መደብ መራ። ፋጡማ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

አሁን ትማራለች። በእረፍት ሰዓት ግን ከክፍል አትወጣም። ርዕሰ መምህሯ ቃላቸውን ጠብቀዋል፣ በየእረፍቱ ግቢው ውስጥ ይቆማሉ። መምህሩ መሳቁን ትቷል፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም። ሰዎች «ልጅቱ ተመልሳለች፣ ምን ቀረህ?» ይሉኛል። ብዙ ነገር ቀርቶኛል። አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ በራሷ እግር ተመልሳ የሸፈነችልንን ነውር ሰላም ነው ብዬ አልጠራውም።

ሰው ከሽማግሌ ትዕግሥት ይወርሳል ይባላል። እኔ ያኔ ከፍሙ ዳር የወረስሁት ቁጣውን ነው፣ አላፍርበትም። ማታ ስጸልይ ፋጡማን አነሣለሁ፣ ሰይድን አነሣለሁ፣ ለመምህሩ ወንድም ነፍስ ይማር እላለሁ። የመምህሩ የራሱ ስም ላይ ስደርስ ጥርሴ ይገጥማል። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስሙ እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣልኝም። ልጅቱ ፊት ቆሞ አንዲት ቃል ይበላት፤ የዚያን ቀን ማታ እጠራዋለሁ።